ለቃልኪዳን ዓይን ማስረጃ ፍለጋ

ጠዋት፣ ከቱላ

ማክሰኞ ጠዋት ልጄን ቃልኪዳንን ይዤ ከቱላ ወደ ሐዋሳ መሀል ከተማ ተነሣሁ። መንገዱ አጭር ነው፤ የወጣሁበት ጉዳይ ግን ቀላል አልነበረም። ቃልኪዳን የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ አራተኛ ክፍል ትማራለች። መምህሯ ደብተሯን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ለማንበብ እንደምትታገል አይቶ ለቀበሌ ተናገረ። ከቀበሌ አንድ ሠራተኛ ቤቴ ድረስ መጣና፣ ዓይናቸው የማያይ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ እንደሚያደርግ፣ ለዚህም የዓይን ሐኪም ማስረጃ እንደሚያስፈልግ አስረዳኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማንበብ የተማርኩት በራሴ፣ ጨርቅ ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። የሰው እጅ ጠብቄ አላውቅም። ለሠራተኛውም ጎረቤት እየሰማ፣ "እኔ ቤት የልመና እህል አይገባም" አልኩት። ደግሞስ መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝ እሷ አይደለችም? እኔ በመነጽር የማልችለውን፣ እሷ ክሩን በምላሷ አርጥባ፣ መርፌውን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ባንድ ጊዜ ታስገባዋለች። እንዲህ ያለች ልጅ አታይም ማለት ለእኔ ቀልድ ነበር። ሚስቴ ግን አልለቀቀችኝም። "አንተም ዝም በል፣ እኔም ዝም ልበል፤ ሐኪም ይናገር" አለችኝ።

የእንሰት ቂጣችንን፣ ዋሳን፣ በወተት በልተን ስንወጣ ቃልኪዳን፣ "አባዬ፣ ነጩን ሸሚዝ ልበስ" አለች። ሁልጊዜ እንዲህ ትላለች። አባቷ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ የምትፈልግ ልጅ በማሳደጌ እኮራ ነበር። መንገድ ላይም እጄን አትይዝም፤ ግማሽ እርምጃ ያህል ከኋላዬ ሆና ትከተለኛለች። ይህንንም ሥርዓት ብዬው ኖሬአለሁ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ትንሽ ጠበቅን። ረዳቱ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት ካልደረደርኩ ብሎ ከአንዲት ነጋዴ ጋር ተጨቃጨቀ። ከቱላ ሲወጡ መንገዱ ዳር እንሰት፣ ከእንሰቱ መሀል ደግሞ ግድግዳው ያላለቀ አዲስ ቤት ይታያል። ከሚኒባስ ወርደን እስከ ሆስፒታሉ በባጃጅ ሄድን። ባለባጃጁ አርባ ብር ጠይቆ በሠላሳ ተስማማን።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የዓይን ክፍል ኮሪደር

አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል። ከአጠገባችን አንዲት ሴት ጥቁር መነጽር ያደረገ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጇን ይዛ ተቀምጣለች። ለምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝና ነገርኳት።

"ጋሼ፣ ምክር ልስጥዎት" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ስሟ ሲጠራ ቀጥ ብላ እንዳትገባ። በሩን ትሳተው። ግንባሯ ግድግዳውን ትንሽ ይንካው። እኔ ይሄን ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ነው ያለማመድኩት።"

ይህን ብላ ሳትጨርስ ከፌስታሏ ሙዝ አውጥታ፣ "እንካ ብላ" ብላ ወረወረችለት። ልጁ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ በአንድ እጁ ቀለበው።

"በረኛ ነው እንዴ!" አሉ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ። ኮሪደሩ በሳቅ ተናጋ። ሴትዮዋ የልጇን ጉልበት በመዳፏ መታ አደረገችው። "አንተ ከብት፣ እንዲህ ነው የተነጋገርነው?"

እኔ አልሳቅኩም። "አንቺ ሴት፣ ይህ ገንዘብ እውነት ለማያይ ልጅ የተመደበ ነው። ከእሱ አፍ ነው የምትነጥቂው" አልኳት።

"ጋሼ፣ ስብከቱን ለእሁድ ያቆዩት" አለች። "እርስዎ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ነው የመጡት። እኔን ያመጣኝ የቤት ኪራይ ነው።"

ወደ ልጄ ዞርኩ። "ሰማሽ? ያየሽውን አየሁ፣ ያላየሽውን አላየሁም ትያለሽ። ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል እንዳልሰማ።"

"እሺ አባዬ" አለችና በሩ አጠገብ በተለቀቀው ቦታ ልትቀመጥ ጠየቀችኝ። ፈቀድኩላት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ በውስጥ የሚመረመሩት ልጆች ድምፅ ይሰማል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ባለ ሦስት ጥርስ ሹካ የሚመስሉ ምልክቶች የተሣሉበት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የላይኞቹ ትልልቅ፣ የታችኞቹ ትንንሽ። ልጆቹ ጥርሱ ወዴት እንደዞረ ይናገራሉ። "ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች…" አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። የቃልኪዳን ከንፈር ይንቀሳቀሳል። እየጸለየች መሰለኝና ደስ አለኝ።

አምስት ሰዓት ገደማ፣ የምርመራው ክፍል

ሲስተሯ ልጄን ወንበር ላይ አስቀምጣ አንድ ዓይኗን ሸፈነችላት። "ከላይ ጀምሪ" አለቻት።

ቃልኪዳን ጀመረች። አልተደናቀፈችም። ከትልቁ መስመር ተነሥታ እስከ መጨረሻው፣ እኔ እንኳ በመነጽር እስከማልለየው ትንሽ መስመር ድረስ፣ እንደ ውኃ አወረደችው። ድሮስ ምን አልኩ ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። ቀበሌ ሄጄ የምናገረውን እንኳ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር።

ሲስተሯ ግን ልጄን ትክ ብላ ተመለከተቻት። ከዚያ ኮቴዋን ሳታሰማ ሄዳ ሰሌዳውን ከሚስማሩ አወረደችና ከጠረጴዛው ኋላ አስቀመጠችው። ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀረ።

"የኔ ቆንጆ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ።"

"ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች" አለች ልጄ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ አፍጥጣ። "ታች፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ…"

ቦርሳው ከእጄ ወደቀ። ልጄ የቦርሳውን ድምፅ ሰምታ አቋረጠች፤ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባት። ሲስተሯ የእጇን ጣቶች ልጄ ፊት ዘርግታ፣ "ስንት ነው?" አለቻት። ልጄ፣ "ሦስት?" አለች። አምስት ነበር።

"በዚህ ክፍል አላይም እያለ የዋሸኝ ብዙ ነው" አለችኝ ሲስተሯ። "አያለሁ ብላ የዋሸችኝ የመጀመሪያዋ ይቺ ናት።"

መጀመሪያ የመጣልኝ ቁጣ ነው፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። "ለምን ዋሸሽ? ምን ብዬሽ ነበር?" ብዬ ጮኽኩባት።

"የልመና እህል ቤቴ አይገባም አልክ" አለች። "እኔ ካላየሁ አንተ ለማኝ ትሆናለህ።"

ሲስተሯ፣ "አባት፣ ግብር ይከፍላሉ?" አለችኝ።

"አሳልፌ አላውቅም።"

"እንግዲህ የሚቀበሉት ከራስዎም ኪስ የወጣውን ነው። ልመና ያለው ማነው?"

ሐኪሙ ገብቶ በመብራት መረመራት። የግራው ዓይኗ ብርሃን ብቻ፣ የቀኙ ደግሞ ቅርብ ያለን ጥላ እንደሚለይ፣ መነጽርም እንደማይረዳት ነግሮኝ ማስረጃውን ጻፈ። ስንወጣ የሙዟ ሴት፣ "ምን አሉ ጋሼ?" አለችኝ።

"አታይም አሉ።"

ፊቷ በራ። "አላልኩዎትም! ጎበዝ፣ እንዴት አድርጋ ሠራችው!" ብላ የልጄን ጉንጭ ሳመች።

ማስረጃውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ስምንት ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

ማስረጃውን ድጋፉን ለሚመዘግበው ቢሮ አስገባን። ቤታችን ታይቶ እንደሚወሰን፣ ልጄም በጣት የሚነበበውን ብሬል የምትማርበት ክፍል እንዳለ ነገሩን። ከዚያ ሐይቁ ዳር ወርደን አንድ የተጠበሰ ዓሣ ለሁለት አዘዝን። እሾሁን እየለቀምኩ ሰጠኋት። እስከ ዛሬ የምትበላው በጣቷ እየዳሰሰች ነበር፤ እኔም "በምግብ አትጫወቺ" እያልኩ እቆጣ ነበር።

"አሁን እውነቱን ንገሪኝ" አልኳት። "ከዚህ ምን ይታይሻል?"

ወደ ሐይቁ ዞረች። "ሰፊ ብርሃን።"

"አባ ኮዳዎቹስ?" ትልልቆቹ ወፎች የዓሣ ጭንቅላት ጥበቃ ከአጠገባችን ቆመው ነበር።

"ይሸታሉ" አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ወደ እኔ ዞራ፣ "አንተ ግን ትታየኛለህ" አለች። "ነጩን ስትለብስ። ነጩን ነው የምከተለው። ቡኒውን የለበስክ ቀን ገበያ ውስጥ ሌላ ሰው ተከትዬ ሄጃለሁ።"

የቀረውን ዓሣ እሾሁን ለቅሜ ወደ እሷ ገፋሁት።

ማምሻውን፣ ቱላ

ከሚኒባስ ስንወርድ እጄን ዘረጋሁላት፤ ያዘችው። ያን ቀን ለቀበሌው ሠራተኛ የመለስኩትን የሰሙት ጎረቤቶች ሱቅ በር ላይ ነበሩ። "እንዴት ሆነ?" አሉኝ። "ልጄ አታይም። ድጋፉን እቀበላለሁ" አልኩ፣ ያን ጊዜ በተናገርኩበት ድምፅ።

በሐሰት ድጋፍ መውሰድ ስርቆት ነው፤ ይህን ሐሳቤን ዛሬም አልለወጥኩም። ነገር ግን እርዳታን ነውር እያሉ ልጅ ፊት መፎከርም ጉዳት እንዳለው ከዚህ ጉዞ ተምሬአለሁ። የእኔ ኩራት አንዲት ሕፃን ባዶ ግድግዳ እንድታነብ አድርጓል።

የስፌት መኪናዬን ከመሸፈኔ በፊት ከመደርደሪያው ነጩን ጨርቅ አወረድኩ። መቀሱን ስትሰማ ቃልኪዳን መጥታ ጨርቁን ዓይኗ ድረስ አስጠጋች።

"የማን ነው?"

"የእኔ። ሦስት ሸሚዝ ይወጣዋል።"

መርፌውን ከእጄ ወሰደችና ክሩን ወደ ከንፈሯ አቀረበች።