ከአንዲት የሽንኩርት ችግኝ ሰባት

ወልቂጤ ዙሪያ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ቅጠሉ ሲደርቅበት መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ አስተማሪውም ተማሪውም ጎበዝ ነበሩ። ስለዚህ ጉብሬ በኩል ባለ ቤተ ሙከራ የምትሠራ ተመራማሪ ባጃጅ ይዛ ደጄ ድረስ ስትመጣ አልገረመኝም።

ቀይ ሽንኩርትን ከሩቅ ዘመዱ ከባሮ ሽንኩርት ጋር ልታዳቅል ፈልጋለች። ችግሩ፣ ፅንሱ ሳይበስል ፍሬው ውስጥ ይሞታል። እሷ ቀድማ ታወጣውና በተዘጋ ጠርሙስ፣ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ ታሳድገዋለች። የሚነካው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በእንፋሎት ይቀቀላል። የእኔ ሥራ ወረንጦ ይዞ ከየአበባው ወንዴውን መንቀልና የሌላውን ብናኝ ማስነካት ነበር። እጄ አይንቀጠቀጥም።

ከዚያ ሁሉ አበባ የተረፉት ሁለት ችግኞች ብቻ ነበሩ። የመመረቂያ ጽሑፏ በእነሱ ላይ ቆሟል።

አንድ ቀን ምሳ ስትወጣ፣ መዳቀሉን በጠረኑ ላረጋግጥ ብዬ አንዱን ጠርሙስ ከፈትኩ። ባሮ ባሮ አለኝ። ደስ ብሎኝ ከደንኩት። በሳምንቱ ሻጋታ ወረሰው።

«አባባ፣ ከፍተውታል እንዴ?»

«አሸተትኩት እንጂ አልነካሁትም።»

«አፍንጫዎንም መቀቀል ነበረብኝ ማለት ነው!» አለች። ትስቅ ታልቅስ አልለየሁም። «ይቺ የቀረችኝም ከሞተች እኮ አለቀልኝ።»

«እንሰት እንዴት ነው የምናባዛው? ልቡን ፈልፍለን እንቀብረዋለን፤ ዙሪያውን ችግኝ ይፈላል። የእሷንም ልብ ለሁለት ሰንጥቂው።»

«የቸሃ ሰው፣ ለእናንተ ሁሉም ነገር እንሰት ነው! እንዲህ እንደሚሠራማ አንብቤያለሁ፤ ግን ያለችኝ አንዲት ናት።»

«አንዲት ስለሆነች ነዋ፣ ልጄ!»

ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን በሯ ላይ አቆመችኝ፣ አፍንጫዬን በጭምብል ሸፈነችው፣ ምላጩንም አላስነካችኝም። ስትሰነጥቃት ሁለታችንም አልተነፈስንም። ከሳምንታት በኋላ ከአንዱ ግማሽ ሦስት፣ ከሌላው አራት ቡቃያ ወጣ። «አባባ፣ ፈላ!» ብላ ስትደውልልኝ ጩኸቷ ጎረቤት ሰማ።

እንግዲህ የሠራሁትን ልቁጠር፦
ሁለት የማይጋቡ ሽንኩርቶች አጋባሁ፤
አንድ ችግኝ ገደልኩ (እሱም ይጻፍ)፤
አንዲቷን ሰባት አደረግሁ፤
ሰባቱንም በእጄ አፈር አስለመድኩ፤
አንዲት ልጅ አስመረቅሁ፤
በጽሑፏ የምስጋና ገጽ ላይም ስሜ ከአማካሪዋ ስም ቀድሞ ሰፈረ።