«ሱፐር ሙዪልኝ!»

የነዳጅ ማደያችን ቀጂ ልጅ ሰው አትሳደብም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ተሳዳቢ ብትሆን ኖሮ ታሪኩ በአንድ ቀን ያልቅ ስለነበር ነው። የሚሳደብ ሰው ይወጣለታል፤ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። እሷ ግን ሁሉንም ዋጥ አድርጋ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ «እሺ» ብላ የቤንዚኑን መቅጃ ታነሳለች። እኔ ከማደያው አጥር ጋር የተለጠፈች ጎሚስታ ቤት አለችኝ። ጎማ የሚጠግን ሰው እጁ እንጂ ዓይኑና ጆሮው ሥራ ፈት ናቸው፤ ስለዚህ የማደያው ወሬ ሳይበርድ የሚደርሰው እኔ ዘንድ ነው።

አጠር ያለች፣ እግሯን የሚበልጥ የጎማ ቦቲ የምትጫማ፣ ቆቧን እስከ ቅንድቧ የምትደፋ ልጅ ናት። ቀድታ ስትጨርስ መቅጃውን በጨርቅ ጠረግ ሳታደርግ ከመኪናው አፍ አታወጣውም። አንዲት ጠብታ መሬት አትነካም። ባለታክሲዎቹ «ለሕፃን ጡጦ የምታጠጪ አስመሰልሽው እኮ» እያሉ ይቀልዱባታል። ይህን ያስተማራት አባቷ ነው።

አባቷ መካኒክ ነበር። ከግጭት የተረፈች አንዲት የእሽቅድምድም መኪና፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተጥላ አገኘና ጓሮው አስገባት። ከዚያ በኋላ ሚስቱ ባሏን ያየችው ከወገቡ በታች ነው፤ ከወገቡ በላይ ያለው ሞተሩ ውስጥ ነበር። ልጅቱ መብራት እየያዘች፣ ብሎን እያቀበለች አብራው ሠራች። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀለም የቀቧትም አባትና ልጅ ተጋግዘው ነው። «ይቺ ያንቺ ናት፤ እኔ ሾፌርሽ ነኝ» ይላት ነበር፤ እናትየውም ሰምታለች፣ ሰፈሩም ሰምቷል።

አባትየው ቴስታ የሚባለውን የሞተሩን አናት አስላጭቶ አየርና ቤንዚኑን ከሌላው መኪና ይልቅ አጥብቆ እንዲጨምቅ አድርጎት ነበር። ስለዚህ ይቺ መኪና ሱፐር ከሚባለው ውድ ቤንዚን በስተቀር ሌላ አይሆናትም። በዚህ ነገር ባለታክሲዎች ጓሮው በር ላይ ይከራከሩት ነበር። አንዱማ ታክሲው ውስጥ ሱፐር አስሞልቶ «በረረች!» ብሎ ማለ።

«የበረረው ደሞዝህ ነው» አለው አባቷ። «ሱፐር ጉልበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጉልበት የለውም፤ ያለው ትዕግሥት ነው። ሲጨመቅ ችሎ ይቆያል፣ ጊዜው ሳይደርስ አይነድም። ያንተ ታክሲ የሚጨምቀው ለስለስ አድርጎ ስለሆነ ተራው ይበቃዋል። ይቺ ግን ተራውን ካጠጣኋት ያለጊዜው ይቀጣጠልና ፒስተኑን በቡጢ ይለዋል።»

ባለታክሲው አላመነም። ልጅቱ ግን መብራቱን እንደያዘች እያንዳንዷን ቃል ሰማች።

አባቷ ታሞ ሲሞት፣ ከቀብሩ በኋላ ዘመዱ በትልቋ አክስት ሳሎን ተሰበሰበ። ትልቋ አክስት የአባትየው ታላቅ እኅት ናት፤ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ እሷ «ይሁን» ካለች ሆነ ማለት ነው። የአባትየው ታናሽ ወንድም፣ ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ፣ ያን ቀን በአንድ ዓይኑ እያለቀሰ በሌላው የመኪናዋን ቁልፍ ይፈልግ ነበር። ቁልፉን በልጅቱ እጅ አየው።

«እትዬ» አለ አክስቲቱን፣ «የወንድሜ መኪና ሱፐር ካልጠጣች ትሞታለች። ይቺ ልጅ ቤንዚን ትቀዳለች እንጂ ትገዛለች እንዴ? በምኗ? ወንድሜን ቀብሬ መኪናውንም ልቅበር?»

አክስቲቱ የቤንዚን ነገር አይገባትም። መብላትና መጠጣት ግን ይገባታል። «እንግዲያው አብልቶ የሚያኖራት ይውሰዳት» ብላ ፈረደች። ደላላውም ቁልፉን ከልጅቱ መዳፍ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያላቀቀ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ» እያለ ወሰደው።

ቤት ሲገቡ እናቷ «ተይው፣ ብረት ነው» አለቻት።

«ብረት አይደለም» አለች ልጅቱ። «ትመለሳለች።» ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም። እኔም የዋሁ የረሳችው መስሎኝ ነበር።

ከተማው ማደያ ሞልቶታል። ደላላው ግን በየሳምንቱ የሚመጣው እሷ የምትሠራበት ማደያ ነው። ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ጥሩምባውን እያንባረቀ ይመጣል፤ የታክሲውን ሰልፍ ቆርጦ ይገባል፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ «ሱፐር ሙዪልኝ!» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ «ቀለሙን እንዳትነኪብኝ!» ይላታል፤ በገዛ እጇ የቀባችውን ቀለም።

«እሺ ጋሼ።»

ባለታክሲዎቹ «ጋሽ ሱፐር» የሚል ስም አወጡለት። እሱ ደስ ብሎት ለበሰው። ከመኪናው ይወርድና ክርኑን ጣራው ላይ አስደግፎ ስለ ሞተር ያስተምራቸዋል፤ የሚያውቀው የሞተሩን ክዳን መክፈቻ ብቻ ነው፣ እሱንም አንዳንዴ ይስተዋል። እያወራም የጋብቻ ቀለበቱን ባጠለቀበት ጣት ጣራውን ሁለቴ ጣ፣ ጣ ያደርጋል። እኔ ሬዲዮኑን እየተከተለ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ ሌላ ኖሯል። በመጀመሪያው ቀን ሱፐር ብሎ ከጮኸ በኋላ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ተራውን አድርጊ» ብሏታል። «ሰው ፊት ሱፐር እላለሁ፤ ጣራውን ሁለቴ ስመታ ተራው ነው። ደግሞ ለሰው ትንፍሽ ትዪና!»

«ያኔ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር» አለችኝ በኋላ። «ተው ጋሼ፣ ተራው ሞተሯን ይገድላታል ልለው። ገና 'ጋሼ' ከማለቴ 'ቀለሙን!' ብሎ ጮኸብኝ። አፌን ዘጋሁት።»

የዘጋችውን አፍ አልከፈተችም። እሱ ጣራውን ይመታል፣ እሷ ተራውን ትቀዳለች።

ከዚያ የማደያው ባለቤት ነገር መጣ። ሱፐር የሚገዛ ሰው አጣ። ጋኑ ውስጥ የነበረው በመጨረሻ ሲያልቅ ሌላ አላስመጣም፤ በሱፐሩ መቅጃ ላይ ጆንያ አስሮበት ሄደ። ይህን ያላየ ሰው የለም፣ ከጋሽ ሱፐር በቀር። ለምን አላየም? ጥሩምባው ከመንገዱ ጫፍ በተሰማ ቁጥር ቀጂዋ የዝናብ ካፖርቷን ታወልቅና ጆንያው ላይ ትሰቅለዋለች። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን ሳይቀር ካፖርት ለብሳ ስትጠብቀው አይቻለሁ። ላብ በአገጯ ይንጠባጠባል። አሟት ይሆን ብዬ አዝኜላትም አውቃለሁ።

እንዲህ ሆኖ ሰውየው ባዶ ጋን ፊት ቆሞ በየሳምንቱ «ሱፐር ሙዪልኝ!» ይላል፣ ባለታክሲዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ እሱ ግርማ ሞገሱ ያስደነቃቸው ይመስለዋል።

ክፉው ነገር መኪናዋ መናገር ጀመረች። ዳገቱን ስትወጣ ከሞተሩ ውስጥ ጠጠር ተጨምሮበት የሚናጥ ጣሳ ድምፅ ይወጣል። ዳገቱ የሚጀምረው ከማደያው በር ስለሆነ በደንብ እንሰማዋለን። ባለታክሲዎቹ ይስቃሉ። እሷ ግን መቅጃውን እንደጨበጠች ጥርሷን ነክሳ ድምፁ እስኪጠፋ ትቆማለች።

አንድ ቀን ነገሩን ስታጫውተኝ አላስቻለኝም። «አንቺ፣ የአባትሽ ሞተር እኮ ነው የምታስመቺው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?»

«ፒስተን ይለወጣል» አለችኝ። «ጋሼ ትልቋ አክስቴ ፊት የሚዋረድበት ቀን ግን መለዋወጫ የለውም። አንዴ ካመለጠኝ አመለጠኝ።»

ያን ቀን ጎማ ስነፋ ረስቼው ሊፈነዳብኝ ነበር።

ቀኑ መጣ። የትልቋ አክስት ልጅ ተዳረች። ጋሽ ሱፐር «ሙሽራዋን የምወስዳት እኔ ነኝ፤ የወንድሜ መኪና እያለች በኪራይ መኪና?» ብሎ ደረቱን ነፋ። መኪናዋ ሪባን ተጠምጥሞላት መጣች። የኋላውን ወንበር ሙሽራዋና ቀሚሷ ሞልተውታል። ከፊት ትልቋ አክስት የእጅ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከኋላ አጃቢው ተሰልፏል። ማደያው ጋ ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ እያየው ሳይጮኽ ማለፍ አልሆነለትም።

«ሱፐር ሙዪልኝ!»

ካፖርቱ ተሰቅሏል። እሱ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱፍ ለብሶ ወረደ፣ በክርኑ ተደገፈ፣ ጣ፣ ጣ። «ቀለሙን እንዳትነኪብኝ፣ ዛሬ ሠርግ ነው!»

«እሺ ጋሼ። መልካም ሠርግ።»

ቀዳች። አክስቲቱ በመስኮት «እንዴት ነሽ ልጄ፣ ከሥራ ስትወጪ አዳራሹ እንጠብቅሻለን» አለቻት። «እመጣለሁ እትዬ» አለች። ከዚያ ካፖርቷን ከጆንያው ላይ አንስታ በክንዷ ያዘችው። ያኔ አንድ ነገር ሊመጣ እንደሆነ ገባኝና መፍቻዬን አስቀመጥኩ።

ሙቀት፣ ሸክም፣ ዳገት። ጋሽ ሱፐር ለአጃቢው ጉራ ለመቸርቸር ነዳጁን ረገጠ። ጠጠሩ ጮኸ፤ ቀጥሎ ጠጠር መሆኑ ቀርቶ መዶሻ ሆነ። ዳገቱ ወገብ ላይ ነጭ ጭስ ቡልቅ አለና ሞተሩ ጸጥ። መኪናዋ በፍሬን እየተንጠራወዘች፣ ሪባኗን እያርገበገበች፣ አጃቢው መንገድ እየለቀቀላት የኋሊት ተንሸራታ ተመልሳ ማደያው ውስጥ ገባች። ሙሽራዋ ሳቋ እያፈናት ቀሚሷን ሰብስባ አንዱ ታክሲ ውስጥ ዘለለች፤ «ሙሽራው እየጠበቀኝ ነው፣ እናንተ ተጨቃጨቁ!» ብላ ሄደች። አጃቢው ግማሹ ተከተላት፣ ግማሹ ጠብ ይሻለኛል ብሎ ቀረ።

ጋሽ ሱፐር ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወረደ። «ይቺ ናት!» አለ ጣቱን ቀስሮባት። «ሱፐር ሙዪልኝ አልኳት፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል! ተራ ቀድታ ሞተሩን ገደለችው! ቂመኛ! ባለቤቱ የት አለ? ዛሬውኑ ትባረር!»

አክስቲቱ ቦርሳዋን እንደታቀፈች ወርዳ ልጅቱን አየቻት። «እውነት ነው?»

«ተራ ነው የቀዳሁት፣ እትዬ።»

«አላልኳችሁም!» አለ እሱ፣ ሊጨፍር ምንም አልቀረው።

ጩኸቱን ሰምቶ የማደያው ባለቤት ከቢሮው ወጣ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሱፐር ነው ያሉት?»

«አዎ ሱፐር! ሁልጊዜ ከዚህ የማስሞላው ሱፐር!»

«ከየት አምጥታ ትቀዳልዎት?» አለ ባለቤቱ። «ሱፐር ካቆምን እኮ ከርመናል። ጋኑ ደርቋል። መቅጃውን በእጄ ጆንያ አስሬበታለሁ፣ ይኸው።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ጆንያው እዚያው ነው፤ አቧራ ጠግቧል። ባለታክሲዎቹ እስከዚያ ያፈኑት ሳቅ ገነፈለ። አንዱ «ጋሽ ሱፐር፣ እኛ እኮ ለጆንያው የሚሳሉ መስሎን ነበር!» አለ።

«አንተ» አለች አክስቲቱ ቀስ ብላ፣ «ከዚህ ከሌለ፣ ስታጠጣት የከረምከው ምንድን ነው?»

«እ... እሷ ናት እትዬ፣ አታላኝ ነው እንጂ እኔ ምን...»

ቀጂዋ ወደ መኪናዋ ሄደች። ቀለሙን እንዳትነካ ቀስ ብላ፣ በአንድ ጣቷ ጫፍ፣ ጣራውን ሁለቴ መታች። ጣ፣ ጣ።

«ጋሼ፣ ይቺስ ምን ማለት ነበረች? ለእትዬ እርስዎ ይንገሯት ወይስ እኔ ልንገራት?»

ጋሽ ሱፐር ቀለበቱን ያጠለቀበትን እጁን ኪሱ ከተተ። ባለታክሲዎቹ ግን ጣቱን በየሳምንቱ አይተውታል፤ አንዱ «አሃ!» አለ፣ ሌላው የራሱን ታክሲ ጣራ ጣ፣ ጣ አደረገ፣ ሦስተኛው ተቀበለው፣ በአንድ አፍታ ሰልፉ በሙሉ ጣራ ይደበድብ ጀመር። አክስቲቱ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልጠየቀችም።

«አብልቶ ለሚያኖራት ነበር የሰጠሁት» አለች። «ቁልፉን።»

«እትዬ፣ ሞተሩ እኮ ሞቷል፣ ምን ያደርግላታል...»

«ቁልፉን!»

ሰጠ። ጣቶቹን ማንም አላላቀቀለትም፤ ራሱ ነው ያላቀቃቸው፣ ግን ጊዜ ወሰደበት።

መኪናዋ የማደያውን መግቢያ ዘግታ ስለነበር መነሳት ነበረባት። የልጅቱ ቤት ከማደያው ጀርባ ነው። ባለታክሲዎቹ ሊገፉ ሲመጡ አክስቲቱ እጇን ዘረጋች። «እናንተ ቁሙ። የገደላት ይግፋት።» እናም ጋሽ ሱፐር በጥቁር ሱፉ፣ ነጭ ሸሚዙ ከጀርባው እየተለጠፈ፣ ገፋ። እሷ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ መድኃኒት ቤቱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ እኔ ከእሷ ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ፣

«ጋሼ! ቀለሙን እንዳይነኩብኝ!»

ሞተሩ ሲፈታ አንዱ ፒስተን ተበስቶ ተገኘ። አባቷ እንዳለው ነው፣ በቡጢ የተመታ ይመስላል። እሷ ፒስተኑን በእጇ ይዛ ብዙ ቆየች፤ ያን ቀን አልቀለድኩም። ቀስ በቀስ፣ ከሥራ በኋላ፣ እናቷ መብራት እየያዘችላት ጠገነችው። አሁን ሱፐር ፍለጋ ከተማውን ታቋርጣለች፣ ቅር አይላትም።

ጋሽ ሱፐር በታክሲ ነው የሚሄደው። ምን ያደርጋል፣ ባለታክሲው ሁሉ የሚቀዳው ከዚህ ነው። እሱን የጫነ ሾፌር ደግሞ የታክሲው ጋን ሙሉ ቢሆን እንኳ ጎራ ማለት አይረሳም። እሷ ቀድታ፣ መቅጃውን ጠርጋ፣ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ትልና «እንደምን ዋሉ ጋሼ» ትለዋለች፣ በጣም በትሕትና። ከዚያ የታክሲውን ጣራ ሁለቴ ትመታለች።

እሱ ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት ያዞራል። በዚያ በኩል ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ።