ኮሚናሉ ደጃፍ የተሰጣ በርበሬ

ፀሐይ የመታው የዛላ በርበሬ ሽታ ሲሰነፍጠኝ፣ ዛሬም ከማስነጠሴ በፊት የሚመጣብኝ ገርጂ ያደግኩበት ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀለሙ የተላላጠ፣ ውሃው ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ የሚደክም ሕንጻ ነበር፤ ሲያሙት ግን አልወድም። ከጀርባው ኮሚናል የምንላት የጋራ ክፍል ነበረችን፤ የበዓል ቅርጫ የምንከፋፈለው፣ ሠርግ የሚደገሰው፣ ለቅሶ የሚቀመጡት እዚያ ነበር።

አንድ ክረምት የሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ማንንም ሳያማክሩ ክፍሏን ለሲሚንቶ ነጋዴ መጋዘንነት አከራዩዋት። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ባል ሞቱ፤ ለቀስተኛው መቀመጫ አጥቶ ግማሹ ደረጃ ላይ ተደርድሮ፣ ግማሹ ዝናብ እየወረደበት ዋለ።

እናቴ ጋሽ ታደሰን «ሰው ሲሞትብን የት እንቀመጥ ብለው ነው?» አለቻቸው።

«ለሕንጻው ገቢ ነው እኮ አልማዝ፤ ድንኳን መከራየት ይቻላል» አሏት።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ የጎረቤቶቿን በር ልታንኳኳ ሄደች።

ጥቅምት ገብቶ ፀሐይ ሲጠና፣ የእናቴና የጎረቤቶቿ የዓመት በርበሬ ኮሚናሉ ደጃፍ ላይ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተሰጣ። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ መጥቶ፣ ወዛደሮቹ ከረጢት ተሸክመው ቀረቡና ቆሙ።

«እትዬ፣ ትንሽ ሰብሰብ ያርጉልን» አላት አንዱ።

«ማን ከለከላችሁ? ረግጣችሁ እለፉ» አለች፣ ከበርጩማዋ ሳትነሳ።

ሰውየው በርበሬውን አየ፣ እሷን አየ፤ «የሚበላ ነገር እንዴት ይረገጣል» ብሎ እያስነጠሰ ተመለሰ።

ነጋዴው ቢቆጣም፣ ጋሽ ታደሰ ቢለምኑም፣ የአንዷ ሲደርቅ ሌላዋ የራሷን እያሰጣች፣ እኛም ከትምህርት ቤት መልስ ዶሮ እያባረርን ወራቱን ገፋነው። በመጨረሻ ነጋዴው ተማሮ እቃውን ሊያወጣ ሲመጣ፣ እናቴ ራሷ በርበሬውን ሰብስባ መንገድ ከፈተችለት። የገና ቅርጫ እዚያው ክፍል ተከፋፈለ፤ ጋሽ ታደሰም መደባቸውን ወሰዱ፣ ማንም ክፉ አልተናገራቸውም።

እናቴ ያረፈችው አምና ነው። ለቀስተኛው እዚያችው ክፍል ተቀመጠ፤ የእትዬ ዘነበች ልጆች ወንበር ሲያመላልሱ፣ ሴቶቹ እየተፈራረቁ ወጥ ሲያመጡ ሰነበቱ። እኔ አሁን ከምኖርበት ከጎሮ ሰፈሩ ሕንጻ ግን አንድ ሰው አልመጣም፤ መሞቷን የምነግረው ጎረቤት አልነበረኝም። ሊፍት ያለው፣ መስታወቱ የሚያብለጨልጭ ሕንጻ ነው። ሰሞኑን የነዋሪዎቹን አዳራሽ ለጂም ለማከራየት ስብሰባ ተጠርቶ፣ ሁሉም ስልኩን እየነካካ ፈረመ። እኔ እምቢ አልኩ። እናቴ ከጎኗ ጎረቤት ነበራት፤ እኔ ያለኝ የእሷ እልህ ብቻ ነው። ቢሆንም አልፈርምም።