ዊዳድና እሺ ያላለው ኮምፒውተር

ዊዳድ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ድሬ ያደገ ሰው በሦስት ቋንቋ ያወራል፣ በሦስቱም ይስቃል፤ እሷ በሳቁ ትብሳለች። ሐርጌሳ የመጣችው ድረ ገጽ ልትሠራ ነው። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ካለው ቢሮ ያስገባቻት እዚያው የምትሠራው አስሊ ነበረች፤ አስሊ የሐርጌሳ ሰው ብትሆንም አዲስ አበባ ያደገች፣ አማርኛዋ ከዊዳድ የሚፈጥን ጉደኛ ናት። ኃላፊው ዓብዲፈታሕ ግን ዊዳድን የያዛት በሙከራ ነው። ሰኞ ለደንበኛው ለአዴር ቡራሌ የምታሳየው ሥራ ከተሳካ ትቀራለች፤ ካልተሳካ ድሬ ተመልሳ አጎቷ ሱቅ ጨርቅ ትለካለች። ጨርቅ መለካት ነውር ሆኖ አይደለም፤ አጎቷ ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ስለ ኩላሊታቸው ስለሆነ ነው።

አዴር ቡራሌ ኮድቡር ሰፈር ክሊኒክ ያላቸው አዛውንት ናቸው፤ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። በሽተኛ እቤቱ ሆኖ ቀጠሮ የሚይዝበት ገጽ አዘዙና አንድ ነገር አስጠነቀቁ፦ የሰው ሕመም ምስጢር ነው፣ ከገጹ አድራሻ ጎን ምስጢሩ መጠበቁን የምታሳየው ያቺ የቁልፍ ምልክት እንድትኖር።

ያቺ ቁልፍ ደግሞ ዝም ብላ አትገኝም። ገጹን የሚከፍተው ብራውዘር የሚሉት ተጠራጣሪ ፍጡር ነው፤ ገጹ መታወቂያው የሆነውን ሰርተፍኬት ቢያሳየውም «ዋስህ ማን ነው?» ማለቱ አይቀርም። የዊዳድ ገጽ ገና ከቢሮው ሰርቨር አልወጣም፤ ስለዚህ ዓለም የሚያውቃቸው ዋሶች አያውቁትም። እሷም የራሷን ዋስ ሠራች፣ ሰርተፍኬቱን በዋሱ አስፈረመች፣ ዋሱንም ከስብሰባ ክፍሉ ኮምፒውተር ጋር አስተዋወቀች። ቅዳሜ ሲሞከር አረንጓዴዋ ቁልፍ ብቅ አለች። ዊዳድ ወንበሩን እየዞረች ጨፈረች።

ሰኞ አዴር ቡራሌ ደረጃውን እየወጡ ሳለ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ አሮጌው ኮምፒውተር፣ የውስጥ ባትሪው ከሞተ ቆይቷልና፣ ቀኑን ረስቶ ጠየቃት። በጥድፊያ ሞላችለትና ለእንግዳው ወንበር ልታመጣ ሮጠች። አዛውንቱ ተቀመጡ፣ ዓብዲፈታሕ ከረባቱን አስተካከለ፣ ዊዳድ ቢስሚላሂ ብላ ገጹን ከፈተች። የመጣው ቀይ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ይህ ግንኙነት አያስተማምንም ይላል።

ዋሱን አውጥታ እንደገና አስገባች፤ ቀይ። ሰርቨሩ ላይ አዲስ ሰርተፍኬት ሠርታ አስፈረመች፤ አሁንም ቀይ። አዴር ቡራሌ በሶማሊኛ፣ በትሕትና፣ ገጹ ራሱ አትመኑኝ እያለ እኔ ለምን አምነዋለሁ ብለው ጠየቁ። ዓብዲፈታሕ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ዊዳድ የአጎቷ ኩላሊት ታወሳት።

ከማስጠንቀቂያው ሥር ዝርዝር የሚያወጣ አዝራር አለ። ዊዳድ አልነካችውም፤ በሽታውን አውቄዋለሁ ያለ ሰው ምን ቆርጦት ያነባል? አስሊ ተንጠራርታ ተጫነችው። ሰርተፍኬቱ የሚሠራው ከሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ጥር ጀምሮ ነው፤ አሁን ግን ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው ይላል። አስሊ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

«አንቺ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሞላሽው» አለች በአማርኛ፣ በሹክሹክታ። «ሰርተፍኬቱ ገና አልተወለደም።»

እውነቷን ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ የፈረንጁ ደግሞ በስምንት ዓመት ይቀድማል። ዊዳድ የዚያን ዕለት ጠዋት የእህቷን የሰርግ ጥሪ ካርድ ስታርም ነበር፤ እጇ ከዚያው ዓመተ ምሕረት ጋር ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! ሳቁ ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ጥርሷን ነከሰች፣ ወደ ግድግዳው ዞረች፣ ትከሻዋ ግን ከዳት። ዓብዲፈታሕ በዓይኑ ገላመጣት። አስሊ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበላትና፣ አልተወቻትም።

«ሽማግሌውንም በስምንት ዓመት አሳነስሻቸው፤ ተጨማሪ ክፈሉ በያቸው።»

«አላህ ይስጥልኝ» አሉ አዴር ቡራሌ፣ በአማርኛ። «ጉልበቴንም አብራችሁ ብትመልሱልኝ።»

ሽማግሌው ለካ ሁሉንም ሰምተዋል። ዊዳድ ተጣድፋ ዓመቱን አስተካከለች። ቁልፏ አረንጓዴ ሆና ብቅ አለች፣ የሚያያት ግን አልነበረም። ከዚያ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማሽኑ ምንም አላጠፋም ብላ ሁሉንም በሶማሊኛ ተናዘዘች፤ ሥራው አበቃለት ብላም ተስፋ ቆረጠች።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ። የሐርጌሳ ሰው በተሰደደበት ጦርነት ጊዜ ከጅግጅጋ ማዶ ባለ የስደተኞች ካምፕ ከርመዋል፤ አማርኛውን ያመጡት ከዚያ ነው። ሴት ልጃቸው እዚያው ተወለደች፣ ጸሐፊውም የልደት ቀኗን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መዘገበ፤ እዚህ ግን የሚነበበው በፈረንጅ ነው።

«ልጄ የተወለደች ዕለት በወረቀት ስምንት ዓመቷ ነበር» አሉ፣ ወደ ሶማሊኛው ተመልሰው። «ወደዚህ ተመልሰን ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ስሄድ፣ መዝጋቢው ወረቀቱን አይቶ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ የታለች አለኝ። ከጠረጴዛው ሥር ቆማለች፣ አትታየውም።»

ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። አስሊ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች፣ ዓብዲፈታሕ እንኳ ከረባቱን ፈታ፣ አዛውንቱ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጋብ ሲልላቸው ወደ ዓብዲፈታሕ ዞሩ። ክሊኒኩ በየቀኑ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ያክማል፣ የካምፕ ወረቀት የያዘም ሞልቷል፤ መድኃኒት ደግሞ በዕድሜ ይታዘዛል። ገጹ የልደት ዓመቱን የጠየቀ ጊዜ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ይጠይቅ አሉ። የሚሠራውም ተሳስቶ የሚያውቅ ሰው ይሁን።

«ይህቺ ልጅ እስከ መቼ ነው እዚህ ያለችው?» ብለውም ጠየቁት።

ዊዳድ መልሱን ለመስማት ፈራች። ዓብዲፈታሕ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያት።

«የትም አትሄድም፤ የእኛ ናት» አለ።

ዊዳድ ልትስቅ አፏን ከፈተች፣ የመጣባት ግን ልቅሶ ነበር። አስሊ የዊዳድን እጅ ጭብጥ አድርጋ ይዛ፣ ሳቅ ሲበዛባት እንዲህ ያደርጋታል ብላ ለአዛውንቱ አስረዳች።