በጠበል የተዋጠው ክኒን

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ካለ የማኅበረሰብ ጤና ማኅበር መሆኗን ነግራኝ፣ «ጋሼ፣ ሲስተር ንግሥትን ኦነር ልናደርጋቸው፣ ልንሸልማቸው ነው። ጠበልንና ሕክምናን ያስታረቁ እሳቸው ናቸው፤ አብረዋቸው ስለሠሩ አጭር ስፒች ቢያደርጉልን» አለችኝ። አስቤበት እንደምመልስላት ነገርኳት። ስልኩን ዘግቼ የድሮውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ አስታወስኩ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። የመንግሥት ሥራ የጀመርኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሚገኝ አነስተኛ ክሊኒክ፣ በመዝገብ ቤት ሠራተኝነትና በአስተርጓሚነት ነው። ሲስተር ንግሥት የነርሶቹ ኃላፊ ነበረች። ታላቅ እህቴ ስንዱ የሚጥል በሽታ ስለነበረባት የክሊኒኩ ሐኪም ጠዋት ጠዋት የምትውጠው ክኒን አዘዘላት። ሁዳዴ ሲገባ ግን ጠበል ጀመረች። ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ክኒን መዋጥ ጾም መሻር ስለመሰላት ክኒኑን እያስቀረች ጠበሉን ብቻ ትጠጣ ነበር። ነገሩ ስላሳሰበኝ ለሐኪሙ እንድታስረዳ ይዣት ሄድኩ። ጠበሉን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ነበር።

ሐኪሙ ጋ አልደረሰችም። ሲስተር ንግሥት መተላለፊያው ላይ አስቆመቻትና ጠርሙሱን ተቀብላ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ሲነገራት ወደ እጅ መታጠቢያው ሄዳ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ደፋችው። ፈረንጆቹ ባልደረቦቿ እያዩ ስለነበር በእኛ ማፈሯ ከፊቷ ይነበብ ነበር።

«እዚህ ክሊኒክ ነው፤ ገዳም አይደለም» አለቻት። ወደ እኔም ዞራ፣ «አንተም ሥራህን ከወደድክ ዘመዶችህን ሥርዓት አስተምር» አለችኝ።

ሥራዬን እወድ ነበርና እህቴን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንዱ ክሊኒኩንም ክኒኑንም ተወች። ብዙም ሳይቆይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል ጆርጂያ አቬኑ ላይ አውቶቡስ እየጠበቀች ሳለ በሽታው ተነሥቶባት ወደቀች። ቅንድቧ ላይ የተሰፋችበት ጠባሳ ዛሬም አለ። በዚያ ሰሞን የጾም ሽሮዬ ሳልነካው ይቀዘቅዝ ነበር፤ ቂሙ ያጠግበኝ ነበር።

ፈቃድ ወስጄ አሌክሳንድሪያ፣ የነፍስ አባታችን መምሬ ታዬ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። መስቀላቸውንና አንድ ጠርሙስ ጠበል ይዘው ተነሡ። የመኪናዬ ማሞቂያ ስለማይሠራ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወስደውን ድልድይ ስንሻገር ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ «ይኼን መኪናህንም ማስጠመቅ ሳይኖርብን አይቀርም» አሉኝ። እኔ ግን ለሣቅ የተረፈ ልብ አልነበረኝም።

ስንዱን ከቤት ይዘን ሐኪሙ ክፍል ገባን። ሲስተር ንግሥትም ተጠርታ መጣች። መምሬ ታዬ ለእህቴ፣ «ልጄ፣ ክኒኑን በጠበሉ ዋጪው። መድኃኒት ጾም አይሽርም» አሏት። ሐኪሙም ክኒኑን እስካላቋረጠች ድረስ በምን እንደምትውጠው ተቃውሞ እንደሌለው ገለጸ።

«እውጣለሁ» አለች ስንዱ። «ግን ያቺ የደፋችብኝ በእጇ ትስጠኝ።»

ሐኪሙ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ማን፣ ምኑን፣ የት እንደ ደፋ፣ ለእኔም ምን እንደተባለ አንዲት ቃል ሳልቀንስና ሳላለዝብ ተረጎምኩለት። ሐኪሙ ወደ ሲስተር ንግሥት ዞሮ ጠርሙሱን በእጁ አመለከታት። እሷም ጠበሉን በወረቀት ኩባያ ቀድታ ከክኒኑ ጋር ለእህቴ አቀበለቻት። እህቴ ውጣ እስክትጨርስ ዓይኔን ከሲስተር ንግሥት ፊት አልነቀልኩም። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር ጥቂት ነው።

ወሬው ሲሰማ ሌሎች ሕሙማንም ጠርሙሳቸውን ይዘው በግልጽ መምጣት ጀመሩ፤ ክኒናቸውን ማቋረጥም ተዉ። ሲስተር ንግሥት ነገሩ እንደ ተወደደ ስታይ የራሷ አደረገችው። ሮክቪልም ግሪንቤልትም እየተጋበዘች ስለ አሠራሩ ታስረዳ ነበር። መምሬ ታዬ ስማቸው አንድ ቀን ሳይነሣ አረፉ።

ለደወለችልኝ ልጅ መልስ ከመስጠቴ በፊት አስፐን ሂል ወደምትኖረው ስንዱ ደወልኩ። ሁላችንም አርጅተናልና ነገሩን ብንተወው ምን ይመስልሻል አልኳት።

«ይቅርታ ጠይቃኛለች?» አለችኝ።

«አልጠየቀችሽም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምንተወው?»

ንግግሩን እንደማደርግ ለልጅቷ አሳወቅኳት። በሥራ ዘመኔ ለብዙ አለቆች ንግግር አዘጋጅቻለሁ፤ ለራሴ ሳዘጋጅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሲስተር ንግሥት ከዚያ ወዲህ የሠራችው ሥራ ብዙ ሰው እንደ ጠቀመ አልክድም። እሱንም እናገራለሁ፤ ማን እንደ ጀመረው ከተናገርኩ በኋላ። ስንዱ የፊተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች።