ከመርዶ በፊት የበላሁት እራት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሂክማ ከአምስተርዳም ኖርድ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ስልኩን አዙራ ሳሎኗን ታሳየኝ ጀመር። ጠረጴዛው ላይ ቀይና ነጭ ዳማ ጨርቅ ተነጥፏል። ሁለት ረጃጅም ብርጭቆዎች ከነመምጠጫቸው ቆመዋል። ግድግዳው ላይ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ የሚበራ ነገር ተሰቅሏል። ባሏ ያሲን፣ ያ የሮተርዳም ልጅ፣ የወረቀት ቆብ ደፍቶ ሽንኩርት ይከትፋል።

«ዛሬ ዴት ናይት አለን፣ የሁለታችን ብቻ ምሽት» አለችኝ። «ልጆቹን የያሲን እናት ወስዳቸዋለች። ውጭ ከምንወጣ ብለን ቤታችንን የድሮ የአሜሪካ ዳይነር፣ ምግብ ቤት አስመሰልነው። ኼዘሊኽ ነው፣ ደስ ይላል፣ አይደል? አንቺና ባባ እንዲህ ዓይነት ነገር አድርጋችሁ ታውቃላችሁ?»

«አንድ ጊዜ» አልኳት።

«ኤኽት? እውነት? ነግረሽኝ አታውቂም እኮ።»

«በይ ሥጋው እንዳያርርባችሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

እውነቴን ነው፣ አንድ ጊዜ አድርገናል። ለልጄ ያልነገርኳት የዚያን ምሽት ጉድ ነው። በዚያ ምሽት የኔ እናት ሞታ ተቀብራ ነበር። የሂክማ አባት ይመር፣ አላህ ይርሐመውና፣ ይህን ያውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ያን እራት ሳስታውስ ሁለት እራት ነው የሚመጣብኝ፤ አንዱ ያኔ የበላሁት፣ ሌላው በማግስቱ ያወቅሁት።

ያኔ ሁለታችንም ልጆች ነበርን፤ ከተጋባን ዓመት ቢሆነን ነው። ዴንሃግ ውስጥ፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ፀጉር አበጥራለሁ። ይመር ደግሞ ስኬቨኒንገን ባሕሩ ዳር ካለ ምግብ ቤት ዕቃ ያጥባል። ቤቱ የድሮ የአሜሪካ ዳይነር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ቀያይ መቀመጫ፣ ጥቁርና ነጭ ወለል፣ ሳንቲም ሲያጎርሱት የሚዘፍን ሣጥን። በጋ ላይ ከሥራ ስወጣ በትራም እሄድና ውጭ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። በመስታወቱ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ዳቦ መሃል የተቀበረ ሥጋ በሁለት እጁ ይዞ ሲገምጥ አያለሁ። ንፋሱ የባሕሩን ጨውና የተጠበሰ ድንች ሽታ አደባልቆ ያመጣብኛል። አምሮኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ሥጋው ሃላል አይደለም፤ ድንቹም ቢሆን በምን ዘይት እንደተጠበሰ አላህ ይወቀው። ይመር ደግሞ «ሳህን በማጥብበት ቤት እንግዳ ሆኜ አልቀመጥም» ይል ነበር። ወሎዬ አንዴ ከኮራ መመለሻ የለውም።

እናቴ ደሴ ነበረች። አርብ አርብ ማታ እደውልላታለሁ። እሷ የጎረቤቱን ጠብና ማን ማንን እንዳገባ ትነግረኛለች፤ እኔም የፈረንጁን ነገር ሳምንቱን ሙሉ አጠራቅሜ እነግራታለሁ። ስትስቅ ሳቋ እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር ይላሉ። የሞተችው ሐሙስ ለአርብ አጥቢያ ነው፤ አርብ ከጁምዓ በኋላ ቀበሯት።

ወንድሜ የደወለው ለኛ አይደለም፣ ለጋሼ እንድሪስ ነው። ጋሼ እንድሪስ በከተማው ያለነው ወሎዬዎች ታላቅ ነበሩ፤ ለሠርጉም ለለቅሶውም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በኛ ወግ ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ በሰው ይመጣል፤ ሽማግሌው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ባለሀዘኑ እህል ቀምሶ ካደረ በኋላ። ዛሬማ ፌስቡክ ከሽማግሌው ቀድሞ ያረዳናል፤ ፊታችንን ሳንታጠብ የሟች ፎቶ ይደርሰናል። ያኔ ግን ወጉ ገና ወግ ነበር። ጋሼ እንድሪስ ይመርን ከሶላት ሲወጣ መስጊዱ በር ላይ ጠብቀው ለብቻው አደረጉትና፦ «ዛሬ ትብላ፣ ትተኛ። ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እንመጣለን። ስልክ እንዳትነካ» አሉት።

የይመር መከራ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ዕለቱ አርብ ነው፣ ማታ ልደውል ነው። ሰው ጠርቶ ቤቱን እንዳይሞላው፣ የአገር ሰው ያለ ምክንያት ከመጣ ልቤ ይጠረጥራል። ዶሮ ወጥ ልሥራ ቢል «ምን ተገኘ?» እላለሁ። ባል በድንገት ሲለሳለስ፣ ጎረቤት ሳህን ይዞ ሲመጣ፣ ሰው ዓይን ዓይናችንን ሲያየን፣ የኛ ሰው ወዲያው «ማን ሞተ?» ነው የሚለው። ስለዚህ አገር ቤትን የሚያስታውስ ሽታ እንኳ የሌለበት ምሽት ያስፈልገው ነበር። ከመስጊዱ ቀጥታ ትራም ተሳፍሮ ስኬቨኒንገን ሄደ።

አለቃው ትልቅ ሆላንዳዊ ሰው ነበር። ይመር ብርጭቆ፣ ሽርጥና ቆብ አውሰኝ ሲለው ምክንያቱን ጠየቀው፤ ሲሰማም ግራ ገባው። «እናቷ ናት እኮ። የማወቅ መብት አላት። ዛሬውኑ ንገራት» አለው። ይመር በዚያ በተሰባበረ ሆላንድኛው እንዴት አድርጎ ያስረዳው? «ነገ ታውቃለች፤ ዛሬ ትበላለች» ብቻ አለው። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ብርጭቆዎቹን በገዛ እጁ በጋዜጣ ጠቀለለለት። ይህን ሁሉ ይመር የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ያኔ የማውቀው፣ ቅጠሉ ረግፎ ዝናቡ በጎን የሚመታበት ወቅት ስለነበር፣ እንደ ውሻ በስብሼ ከሥራ መግባቴን ነው። በሩን የከፈተልኝ የወረቀት ቆብ የደፋ አስተናጋጅ ነበር። ነጭ ሽርጥ አገልድሟል፤ ክንዱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጓል።

«እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ። ቦታ አስይዘዋል?» አለኝ።

ሳቄ አላስቆም ብሎኝ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቤታችን ቤታችን መሆኑ ቀርቶ ነበር። ግድግዳው ላይ ቀይ ሪባን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሯል፣ ፊኛዎች ተንጠልጥለዋል፣ ሶፋው ቀይ አንሶላ ለብሷል። ቴፑን በካርቶን ሸፍኖ የሙዚቃ ሣጥን አድርጎታል። ሥጋውን ከቱርኮቹ ሥጋ ቤት ገዝቶ፣ ራሱ ጠፍጥፎ ጠብሶታል።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ለእማዬ ልደውል» አልኩት ጫማዬን እያወለቅሁ።

«ምግቡ ይቀዘቅዛል።»

«ሁለት ደቂቃ ነው።» ስልኩን አነሳሁት፤ ድምፅ የለውም። ለካ ገመዱን ከኋላ ነቅሎታል።

«መስመሩ ተበላሽቷል አሉ፤ የሕንፃው በሙሉ ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ታች ስልክ ቤቱ ደርሼ ልምጣ።»

«በዚህ ዝናብ? ነገ...» ብሎ ሳይጨርስ ወንበሩን ሳበልኝ። «አሁን ብዪ» አለኝ። አስተናጋጅነቱን ረስቶት ነበር።

በላሁ። እንደዚያ ቀን በልቼ አላውቅም። ሥጋው ትንሽ ጨው በዝቶበታል፣ ድንቹ ጫፍ ጫፉ አርሯል፣ ለኔ ግን የንጉሥ ግብር ነበር። የእንጆሪው ሚልክሼክ ከመወፈሩ የተነሳ በመምጠጫው አልወጣ ብሎ ጉንጬ እስኪጎደጉድ ሳብኩት። እየበላሁም ለእናቴ የምነግራትን ጮክ ብዬ አዘጋጅ ነበር።

«ፈረንጅ ሥጋውን ዳቦ መሃል ደብቆ በሁለት እጁ ነው የሚበላው እላታለሁ። እሷ ደግሞ ‹አንቺ እንደዚያ ስትበዪ ለምን እቆጣሽ ነበር ታዲያ› ትለኛለች። ሽርጥ አገልድመህ እንዳስተናገድከኝም እነግራታለሁ። በል፣ ዱዓዋን ጠብቅ።»

ይመር ያልጨረስኩትን ብርጭቆ አንስቶ ወጥ ቤት ገባ። ውሃው ሲፈስ፣ ሲፈስ ሰማሁት። የሥራው ልማድ ሆኖበት ዕቃ የሚያጥብ መሰለኝ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ እርጥብ ነበር። የራሱ ዳቦ ሳይነካ ቀዝቅዟል። «ስቀምስ ስቀምስ ጠገብኩ» አለኝ።

ከዚያ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ቴፕ ሲዘፍን ጎትቼ አስነሳሁትና ደነስን። መደነስ አንችልም፣ ዝም ብለን ሳሎኑን ዞርነው። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። አጥብቆ ያዘኝ፤ ሲይዘኝ ፍቅር መሰለኝ። ፍቅርም ነበር። ጠግቤ፣ ደክሞኝ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ማለዳ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። ይመር ለብሶ ቆሟል። በሩን ስከፍት ጋሼ እንድሪስ ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው ሽማግሌዎች፣ ከዚያም በነጠላ የተከናነቡ ሴቶች እስከ ታች ደረጃውን ሞልተውታል። ሐበሻ ሆኖ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ የማይገባው የለም።

«ማን ነው?» አልኳቸው።

«እናትሽ አኼራ ሄደዋል፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መተው ይሻላል። አንድ ነገር ግን ከዓይኔ አልጠፋም። ይመር እንዳልነቃበት ፈርቶ ጌጡን ሳያነሳው ነበር ያደረው። ስለዚህ ለቀስተኛው ሁሉ ገብቶ የተቀመጠው ከፊኛውና ከሪባኑ ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ ቀይ አንሶላው ላይ ተቀምጠው ቁርኣን ቀሩ። እማማ ሉባባ የሚባሉ አሮጊት ወንበር ላይ ወጥተው፣ ከንፈራቸው ዱዓ እያደረገ፣ ሪባኑን ቀስ ብለው ይጠቀልሉ ነበር። ፊኛ በለቅሶ ቤት ማፈንዳት ነውር ሆኖባቸው አንድ በአንድ አውርደው መኝታ ቤት አስገቡት። ጋደም ልበል ብዬ ስገባ አልጋዬን ሞልቶት አገኘሁት።

ይመርን ለረጅም ጊዜ በደንብ አላናገርኩትም። እናቴ አፈር በለበሰችበት ቀን ያሳቀኝ፣ ያስደነሰኝ እሱ ነው። እሷን ቀብረው በተመለሱበት ማታ እኔ ሚልክሼክ እመጥጥ ነበር። ይህን ሁሉ ፊቱ ላይ ወረወርኩበት። እሱ ምክንያት አልደረደረም፤ ሽማግሌዎቹን እንኳ አላሳበበም።

«በልተሽ እንድታድሪ ነው» አለኝ።

ይህ መልሱ ያኔ ይበልጥ አናደደኝ። ያ አለቃው ያለውን በኋላ ስሰማም «ፈረንጁ ልክ ነው፤ መብቴ ነበር» አልኩ። ዛሬም ቢሆን ፈረንጁ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም። ሂክማ ተወለደች፣ ቤት ቀየርን፣ አረጀን፤ ቁጣውም እንደ ማንኛውም ቁጣ በረደ። ሃምበርገር ግን በቤታችን ሁለተኛ ተሠርቶ አያውቅም።

ይመር ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ አንድ ቀን ልብሱን ላመጣለት ወደ ቤት ስመለስ ትራም ፌርማታው ላይ ስልኬ ጮኸ። «ሜፍራው» አለችኝ ሐኪሟ፣ እመቤት ማለቷ ነው። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ቃል አላበዛችም፣ አላድበሰበሰችም፤ ይመር መሞቱን ነገረችኝ። ሐኪሟ አልበደለችኝም፤ በአገሯ ወግ ሥራዋን በደንብ ነው የሠራችው። ትራሙ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሄደ። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም ነበር። የፌርማታውን አጥር ይዤ ቆምኩ። ደገፍ የሚያደርገኝ ሰው ፈልጌ ዘወር ስል ያገኘሁት ጆሮው ላይ ሙዚቃ የሰካ ወጣት ብቻ ነው።

ያ እራት የገባኝ እዚያ ፌርማታ ላይ ነው። ይመር ሐዘኔን አንድ ምሽት ሙሉ ብቻውን ተሸክሞልኝ ነበር። እናቴን ይወዳት ነበር፤ እሱም ለቅሶ ነበረበት። አንዲት ጉርሻ ሳይውጥ እኔን እያበላ፣ እያሳቀ፣ ወጥ ቤት ገብቶ ፊቱን እየታጠበ አመሸ። ይህን ልነግረው የሚገባኝ ይመር ግን የለም፤ መርዶው የራሱ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ሂክማ ፎቶ ላከችልኝ። ሁለቱም የወረቀት ቆብ ደፍተው፣ አፋቸው በሥጋ ተሞልቶ ይስቃሉ። ያሲን ደግ ልጅ ነው፤ ጀናዛውን፣ ሶላቱን ያውቃል። የኛን የመርዶ ወግ ግን አያውቅም፣ ማን ይንገረው። የቤተሰብ ሐኪሜ ዘንድ አንድ ነገር ብሆን ይደወልላት ብዬ ያስመዘገብኩት ሂክማን ነው። ሰኞ ሄጄ አስቀየርኩት፤ አሁን የሚደወለው ለያሲን ነው። በሚቀጥለው ሲመጣ ለብቻው አስቀምጬ ምን ማድረግ እንዳለበት እነግረዋለሁ፤ ከባድ አይደለም፣ ምግብ ማብሰል ይችላል። ልጄ የኋላ ኋላ ስትሰማ ትቆጣለች። እዚህ ያደገች ናት፣ መብቴ ነበር ትላለች። እውነቷን ነው፣ ትቆጣ። በልታ ትቆጣ።