የሁዳዴ የእንቁላል ቅርፊት

ለቡችላዬ ደረቅ የውሻ ምግብ መስጠት ነውር መስሎኝ ነበር። ቤቴ የገባ እንግዳ የታሸገ ጠጠር ቆርጥሞ ይደር? ስለዚህ አጥንት የሌለው ዶሮ ከሩዝ ጋር እየቀቀልኩ አበላው ጀመር። እዚህ ውጭ አገር፣ ኖርዝጌት የሚባል ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤቴ ከእኔ ይልቅ የሚቀማጠለው እሱ ነበር። ያ ሁሉ ተደርጎለት ማነከስ ጀመረ።

የእንስሳት ሐኪሟ በራጅ አይታው ወቀሰችኝ። ሥጋ ብቻውን በቂ ካልሲየም የለውም፤ ቡችላው የጎደለውን ከገዛ አጥንቱ እየወሰደ ነው አለችኝ። እንዲህ ነው እንግዶቼን የማስተናግደው፣ ራሳቸውን እያስበላሁ! የበሰለ አጥንት ስለሚሰነጠቅ ከለከለችኝ። የእንቁላል ቅርፊት አጥቤ፣ ምድጃ ውስጥ አድርቄ፣ ዱቄቱን በልክ እንድቀላቅልለት አዘዘች። ቢያንስም ቢበዛም ይጎዳዋል፤ ካልተስተካከለ እግሩ ጎብጦ ይቀራል።

ቅርፊት አይቸግረኝም፤ ካፒቶል ሂል ያለ ቁርስ ቤት ውስጥ እንቁላል ስሰብር ነው የምውለው። የቸገረኝ ጊዜው ነው። ሁዳዴ ነበር፣ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴም ቤት ነበረች። ዶሮው ሲቀቀል አፍንጫዋን ይዛ መኝታ ቤት ትገባለች።

አንድ ቀን ምድጃውን ስትከፍት ትሪ ሙሉ ቅርፊት አየች።

«ዶሮውስ የውሻው ነው፤ ይሄን እንቁላል ማን በላው? ገደፍክ?»

«ቅርፊቱም የውሻው ነው፣ እማዬ። ተፈጭቶ ለአጥንቱ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምነው አንተ በበላኸው! መግደፍስ ንስሐ አለው። ለውሻ ቅርፊት ለሚፈጭ ሰው ምን ተብሎ ይታዘዝለታል?»

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሙቀጫዬን ይዛ ትወቅጣለች። «ይሄ ማድቀቅ ነው? ጉሮሮውን ሊቧጭረው!» ብላ በሽሮ ወንፊት ነፋችው።

በዚያው ሰሞን የንስሐ አባቴ ደወሉ። «ፓርክ እያደረግኩ ነው፣ እና በር ክፈትልኝ።» እናቴ ካህን በሚገባበት ቤት ውሻ አይታይም ብላ ቡችላውን ከነድስቱ መታጠቢያ ቤት ዘጋችበት። የቅርፊቱን ትሪ ረሳነው። አባ አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«የእኔ ነው፣ አባ» አለች እናቴ። «አጥንትሽ ሳስቷል ብሎ ሐኪም እንቁላል አዞልኝ ነው።»

በጾም ወተት አሽትታ የማታውቅ ሴት! የአጥንቷ መሳሳት እውነት ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘላት ግን የካልሲየም ኪኒን ነበር፣ ጠርሙሱም አልተከፈተም።

«ለሕመም ከሆነማ ኦኬ ነው፣ እናቴ። ይብሉ» ብለው ባርከዋት ወጡ።

ሕመሟ ኤቨረት እስከሚባለው ጎረቤት ከተማ ድረስ ተሰማ። ምእመናን እንቁላል ይዘው ሊጠይቋት ይጎርፉ ጀመር። በሁዳዴ ፍሪጃችን በእንቁላል ተጨናነቀ፤ እሷ ሽሮዋን እየበላች ጠያቂዎቿን ትመርቃለች።

የቡችላው እግር እየቀና ሄደ፤ ሐኪሟም አመሰገነችኝ። እናቴ ግን ለውሸቷ በራሷ ላይ ስግደት አዘዘች። ስትወድቅና ስትነሣ የጉልበቷ መንቋቋት ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኛል። ለውሻው በማንኪያ እየለካሁ የእሷን ጠርሙስ አልፌው ስመላለስ መክረሜ አናደደኝ። ኪኒኑን ከውሃ ጋር ይዤላት ሄድኩ።

«ያንቺስ አጥንት፣ እማዬ?»

ከወለሉ ቀና ብላ አየችኝ። ቡችላው አጠገቧ ተጋድሟል።

«እኔ አድጌ ጨርሻለሁ» አለችኝ። «ለልጁ ፍጭለት።»